አሮጌው ማቀዝቀዣ ከቤት ሲወጣ፤ የመተካት ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ በየደረጃው ያገኙኝ ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠይቀውኛል፤ «የታሪክ መምህርን ከፍሪጅ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለ ጦርነት፣ ስለ ዙፋን፣ ስለ መሬት ሥሪት ስንናገር ማንም አይደነቅም። በየቤቱ ጥግ ቆሞ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚያጉረመርም ሣጥን ስንናገር ግን ሰው ፈገግ ይላል። ይሁንና ሰው ምግቡን ከብልሽት የሚጠብቅበት መንገድ ሲለወጥ የሚገበይበት ቀን፣ የሚያርድበት ወቅት፣ ከጎረቤቱ ጋር ያለው መተሳሰብ፣ የእናቶችም የሥራ ሰዓት አብሮ ይለወጣል። ይህ የታሪክ ጉዳይ ካልሆነ ምን የታሪክ ጉዳይ እንደሚሆን አላውቅም።

ርእሴን ላጥብበው። ስለ ማቀዝቀዣ መፈልሰፍ ብዙ ተጽፏል። እኔ የምናገረው ስለ መተካቱ ነው፤ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ስለሚገባበት ጊዜ፣ በመካከሉም በውስጡ ያለው ምግብ ስለሚሆነው። እንግሊዛዊው የታሪክ ሊቅ ዴቪድ ኤጀርተን በ2006 ባሳተመው መጽሐፍ የቴክኖሎጂን ታሪክ ከፈጠራው ቀን ሳይሆን ከአጠቃቀሙ፣ ከጥገናውና ከአሮጌው ዕቃ ዕድሜ ተነሥተን እንድናየው ይሞግታል። እኔም በዚህ መንገድ እሄዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከማቀዝቀዣ በፊት የነበረውን በጥቂቱ እንይ። ብዙ ሰው አያቶቻችን ምግብ ማቆየት አይችሉም ነበር ብሎ ያስባል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ቋንጣ ሥጋው ከውሃው ተለይቶ፣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ከገመድ ላይ የሚሰቀል ነው። ቅቤ ሲነጠር በእሳት ውሃውና አጓቱ ይለያል፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ለጣዕም ብቻ የገቡ ይመስለናል እንጂ የማቆየት ድርሻም አላቸው። የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፤ ወራትም ዓመታትም ይቆያል። እንጀራ ሲተርፍ ድርቆሽ ይሆናል። በሶና ጭኮ የመንገደኛ ስንቅ ናቸው። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት ብልሽት የሚያመጡት ተሕዋስያን የሚፈልጉትን ውሃ በመንሣት፣ ወይም ምግቡን በማጨው፣ በማብላላትና በማጠን ነው። አንዳቸውም ቅዝቃዜ አይፈልጉም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ቅርጫ ነው። ቅርጫን የምናየው እንደ በዓል ወግ ነው፤ እውነትም ነው። ነገር ግን አንድ በሬ ስንት ኪሎ ሥጋ እንደሚወጣው አስቡ። ማቀዝቀዣ በሌለበት መንደር አንድ አባወራ ብቻውን በሬ ቢያርድ አብዛኛው ሥጋ ይበላሽበታል። አሥርና አሥራ ሁለት ቤተሰብ ሆኖ ሲገዛ፣ በመደብ በመደብ ሲከፋፈል፣ ዕጣ ሲጣጣል ግን ሥጋው በሁለትና በሦስት ቀን ያልቃል፤ የቀረው ቋንጣ ይሆናል። እንግዲህ ሥጋው የሚቀመጠው በሣጥን ሳይሆን በጎረቤት ነበር ማለት እችላለሁ። ዛሬ ለአንተ የደረሰህ መደብ ነገ ለእኔ የሚደርሰኝ ነው። የጾሙ ሥርዓትም በዚሁ ላይ ይደረባል፤ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት የቅበላው ሰሞን ቤት ውስጥ ያለው የፍስክ ምግብ ተበልቶ የሚያልቅበት ጊዜ ነው። ይህን ስል ያለፈውን ዘመን ገነት ላደርገው አይደለም። ሕፃናት በተበላሸ ወተት ይታመሙ ነበር፤ ሐሩር ባለባቸው ቆላዎቻችን የዛሬ ጠዋት ወጥ ለማታ አይደርስም ነበር።

ወደ ሌላው ዓለም እንሻገር። ቅዝቃዜ ሸቀጥ የሆነው መጀመሪያ በማሽን ሳይሆን በበረዶ ነው። ፍሬድሪክ ቱዶር የሚባል የቦስተን ነጋዴ በ1806 ከማሳቹሴትስ ኩሬ የተቆረጠ 130 ቶን ገደማ በረዶ በመርከብ ጭኖ ወደ ካሪቢያኗ ማርቲኒክ ላከ። የከተማው ሰው ሳቀበት። በደረሰበት ወደብ በረዶ ማከማቻ አልነበረምና በየሰዓቱ እየቀለጠ ተሸጠ፤ ቱዶርም ከሰረ። ሰውየው ግን አልተወም። በ1833 ወደ ካልካታ 180 ቶን ጭኖ በአራት ወር ጉዞ፣ የምድር ወገብን ሁለት ጊዜ ተሻግሮ፣ 100 ቶን ያህሉን ሳይቀልጥ አደረሰ። ምሥጢሩ ምን ነበር? ሰጋቱራ። የእንጨት ቤቶች የሚጥሉት ዱቄት አየር አምቆ ሙቀት እንዳያልፍ ይከለክላል። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ቤታችን ስንመለስ ያስፈልገናል።

ማሽኑን በተመለከተ መሠረተ ሐሳቡን ከእንስራ ተማሩት። እንስራ ያልባል፤ በውጩ የወጣው ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ በውስጡ የቀረው ይቀዘቅዛል። ናይጄሪያዊው መምህር ሞሐመድ ባህ አባ በ1990ዎቹ አንዱን ሸክላ በሌላው ውስጥ አስገብቶ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ሞልቶ፣ አትክልት ለቀናት የሚያቆይ ዕቃ ያስፋፋው በዚሁ ሕግ ነው። ማቀዝቀዣም የሚሠራው በዚሁ ነው፤ ልዩነቱ የሚተነው ነገር አለመባከኑ ነው። በቧንቧ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በምግቡ በኩል ሲያልፍ ይተንና ሙቀት ይወስዳል፤ ኮምፕሬሰሩ መልሶ ይጨምቀዋል፤ ከጀርባው ባለው ፍርግርግ ላይ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይለቅቃል፤ ፈሳሽም ሆኖ ይመለሳል። ያዕቆብ ፐርኪንስ የሚባል አሜሪካዊ ለንደን ተቀምጦ በ1834 የዚህን ዑደት ፓተንት አወጣ። የፐርኪንስ ማሽን ለገበያ አልበቃም። ቢራ ጠማቂዎችና ሥጋ ላኪዎች ናቸው ነገሩን ያሳደጉት፤ በ1882 ደነዲን የምትባል መርከብ 5000 የሚጠጋ የታረደ በግና ጠቦት ከኒውዚላንድ ለንደን ድረስ ሳይበላሽ ስታደርስ የዓለም የሥጋ ገበያ ተለወጠ።

ወደ መኖሪያ ቤት ሲገባ ግን ችግር መጣ። በ1920ዎቹ የነበሩት የቤት ማቀዝቀዣዎች ይጠቀሙ የነበረው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ አሞኒያ ወይም ሜቲል ክሎራይድ ነበር። ሦስቱም መርዝ ናቸው። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ቢያንስ ይሸታል፤ ሰው ይነቃና ይሮጣል። ሜቲል ክሎራይድ ግን ሽታው ደካማ ነው። በ1929 በቺካጎ ቧንቧ አፍስሶ ተኝተው የነበሩ ሰዎች በየአፓርታማቸው ሞቱ። በርሊንም ላይ እንዲሁ አንድ ቤተሰብ በሙሉ ማለቁን በጋዜጣ ያነበበ አንድ ሳይንቲስት እጅግ አዘነ፤ አልበርት አይንሽታይን። ከወጣቱ ሊዮ ዚላርድ ጋር ሆኖ የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው፣ ስለዚህም የሚያፈስ መገጣጠሚያ የሌለው ማቀዝቀዣ ነደፈ፤ በ1930 የአሜሪካ ፓተንት ተሰጣቸው። ዓለምን በፊዚክስ ያናወጠ ሰው የድኻ ቤት ማእድ ቤት አሳስቦት መቀመጡን ሳስብ ለሰውየው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል። ዕቃው ግን ገበያ አልወጣም።

ያልወጣበት ምክንያት ቶማስ ሚጅሊ ነው። ሚጅሊና ባልደረቦቹ ክሎሮፍሎሮካርቦን የሚባለውን፣ በንግድ ስሙ ፍሬዮን የምንለውን ጋዝ ለማቀዝቀዣ አዘጋጁ። በ1930 በኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ሚጅሊ ጋዙን በአፉ ምጎ፣ በርቶ በነበረ ሻማ ላይ ተነፈሰው፤ ሻማው ጠፋ፤ እርሱም አልሞተም። መርዝ አይደለም፣ አይቀጣጠልም ማለቱ ነበር። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። መርዛማው ማቀዝቀዣ ወጥቶ «ደኅናው» ገባ። እስከዚህ ድረስ የስኬት ታሪክ ነው።

ደኅናው ጋዝ ደኅና የሆነው ግን በምንተነፍሰው አየር ደረጃ ብቻ ነበር። ከምንም ጋር ስለማይዋሐድ አይጠፋም፤ ስለማይጠፋ ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያ የፀሐይ ጨረር ሲፈነክተው የሚለቅቀው ክሎሪን የኦዞንን ንብርብር ይበላል። ማርዮ ሞሊና እና ሸርውድ ሮውላንድ ይህን በ1974 ጽፈው አስጠነቀቁ። በ1985 የብሪታንያ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ የኦዞኑን መሳሳት ለዓለም አሳወቁ። በ1987 የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ፤ የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች በሙሉ አጽድቀውታል። ተማሪዎቼ አንዳንድ ጊዜ «ዓለም ተስማምቶ ያደረገው አንድ ነገር ይንገሩን» ሲሉኝ የምጠቅሰው ይህንኑ ነው። ፍሬዮን ወጣ፤ ሃይድሮፍሎሮካርቦኖች ገቡ። እነዚህ ኦዞንን አይነኩም፤ ሆኖም ምድርን በማሞቅ በኩል አንድ ኪሎው ከአንድ ሺህ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚበልጥ ጉልበት አለው። ስለዚህ በ2016 በኪጋሊ ሌላ ስምምነት አስፈለገ። ዛሬ በብዙ አዳዲስ የቤት ማቀዝቀዣዎች ጀርባ ላይ አር 600 ኤ የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። አይሶቡቴን ማለት ነው፤ ከላይተር ጋዝ የተዛመደ። ይቀጣጠላል፤ ግን መጠኑ ጥቂት አሥር ግራሞች ብቻ ስለሆነ በጥንቃቄ ይያዛል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን አንድ ሊዘጋ የተቃረበ ፋብሪካ ነው ይህን መንገድ የከፈተው።

እንግዲህ በመቶ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ተተካ፤ ከበረዶ ወደ መርዝ፣ ከመርዝ ወደ ፍሬዮን፣ ከፍሬዮን ወደ ሃይድሮፍሎሮካርቦን፣ ከዚያም ወደ አይሶቡቴን። እያንዳንዱ መተካት የቀደመውን አደጋ አስወገደ፤ ሁለቱ መካከለኞች ደግሞ ማንም ያላየውን አደጋ ይዘው ገቡ።

ከጋዙ የባሰ የሚያሳዝን ሌላ ምዕራፍ አለ፤ የአሮጌው ሣጥን ምዕራፍ። የድሮ ማቀዝቀዣዎች በር የሚዘጋው በብረት መቀርቀሪያ ነበር፤ ከውስጥ ሊከፈት አይችልም። በአሜሪካ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ አዲስ የገዙ ቤተሰቦች አሮጌውን በጓሮ፣ በቆሻሻ መጣያ፣ በበረንዳ ይተዉ ነበር። ሕፃናት ድብብቆሽ ሲጫወቱ ይገባሉ፤ በሩ ይዘጋል፤ ጎማው አየር አያስገባም፤ ወፍራሙ ግድግዳ ድምፅ አያስወጣም። ብዙ ሕፃናት እንዲህ ሞቱ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1956 የማቀዝቀዣ ደኅንነት ሕግ አወጣ፤ ከ1958 ማብቂያ ጀምሮ የሚሠራ ማንኛውም የቤት ማቀዝቀዣ ከውስጥ በቀላሉ እንዲከፈት አስገደደ። ዛሬ የፍሪጃችን በር በማግኔት ብቻ የሚያዘው በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉን በሥራ ላይ ለማዋል ሕፃን ልጅ በምን ያህል ጉልበት በር እንደሚገፋ ማወቅ አስፈለገ። ተመራማሪዎች ከ2 እስከ 5 ዓመት የሆኑ 201 ልጆችን ለዚሁ በተሠራ ሣጥን ውስጥ፣ በክትትል፣ ለአጭር ጊዜ አስገብተው ተመለከቱ፤ ውጤቱ በ1958 ታተመ። አንዳንዶቹ ልጆች በኀይል ታገሉ፤ አንዳንዶቹ አስበው መውጫ ፈለጉ፤ የተወሰኑት ግን ምንም ሳያደርጉ ጨለማው ውስጥ ዝም ብለው ተቀመጡ። ይህን ጥናት ሳነብ የቆምኩት እዚህ ቦታ ላይ ነው። ሕፃን ልጅ በሩን ይገፋል፣ ይጮኻል ብለን ተማምነን መኖር አንችልም ማለት ነው። በእኛ ከተሞች በየግቢውና በየኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሥር የቆሙ አሮጌ ፍሪጆች አሉ፤ ማግኔት ያላቸውም ቢሆኑ በሩ በኩል ወደ ግድግዳ ቢጠጉ፣ ወይም ዕቃ ቢደገፍባቸው፣ ያው ሣጥን ናቸው። በሩን ለመንቀል የሚያስፈልገው ጠመንጃ መፍቻና ሩብ ሰዓት ብቻ ነው።

መንግሥት ራሱ መተካቱን ሲመራ ምን እንደሚመስል ለማየት ኩባን እንውሰድ። (አዳራሹ ውስጥ በልጅነቱ ኩባ የተማረ ሰው ይኖራል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ሐቫናን ከእኔ በላይ ያውቃል።) ከ1959 አብዮት በኋላ የአሜሪካ ዕቃ መግባት ስላቆመ የኩባ ቤተሰቦች የ1950ዎቹን ጄኔራል ኤሌክትሪክና ዌስቲንግሀውስ፣ በኋላም የሶቪየት ማቀዝቀዣዎችን እየጠገኑ ግማሽ ምእት ዓመት ኖሩ። ጎማውን ከመኪና ከመነዳሪ ቆርጠው፣ ሞተሩን ደጋግመው ጠምጥመው። የሚደነቅ ጥበብ ነው። ነገር ግን እነዚያ ማሽኖች ኤሌክትሪክ ይውጡ ነበር፤ በ2004 እና በ2005 አገሪቱ በመብራት መጥፋት ስትሠቃይ መንግሥት የኀይል አብዮት ያለውን ዘመቻ ጀመረ፤ ሁለት ሚሊዮን ያህል አሮጌ ማቀዝቀዣዎች በቻይና ሥሪት ተተኩ። አሮጌውን ያስረክባል፣ አዲሱን በብድር ይወስዳል። አርቲስቶች በ2006 ጥቂቶቹን አሮጌ ሣጥኖች ወስደው ቀለም ቀብተው፣ ቅርጽ አውጥተው በሐቫና ለዕይታ አቀረቡ። ዘመቻው ኀይል ቆጥቧል። ለእኔ የሚከብደኝ የብድሩ ጉዳይ ነው፤ የሚሠራ ዕቃውን አስረክቦ ባለ ዕዳ የሆነው የወር ደመወዝተኛ ቁጠባውን በገዛ ኪሱ አላየውም። አገር የሚቆጥበውና ቤተሰብ የሚቆጥበው ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

በካሊፎርኒያ የተወሰደው መንገድ ሌላ ነው። ግዛቲቱ በ1976 ለአምራቾች የኀይል ፍጆታ ጣሪያ አወጣች፤ የፌዴራሉ መንግሥት ተከተለ። በ1970ዎቹ አጋማሽ አንድ አዲስ የአሜሪካ ማቀዝቀዣ በዓመት 1800 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላ ነበር፤ በ2001 የወጣው መለኪያ ወደ 500 ገደማ አወረደው። ሣጥኑ በዚያው ዘመን ተለቀ እንጂ አላነሰም። ያመጣው ለውጥ የተሻለ ኮምፕሬሰርና በግድግዳው ውስጥ የተነፋ ፎም ነው፤ የቱዶር ሰጋቱራ የልጅ ልጅ።

ታዲያ እነዚያ 1800 የሚበሉት የት ሄዱ? ብዙዎቹ ወደ አፍሪካ ወደቦች መጡ። ጋና በ2008 ባወጣችው ደንብ ያገለገሉ ማቀዝቀዣዎች እንዳይገቡ ከለከለች፤ ከ2013 ጀምሮም ሥራ ላይ አዋለችው። እኛ አገር ደግሞ ማቀዝቀዣ ብዙ ጊዜ የሚገባው በሰው ልፋት ነው። ጅዳና ቤይሩት፣ ዱባይና ኩዌት በሰው ቤት የሠሩ እኅቶቻችን ዓመታት ካጠራቀሙት ገዝተው የላኩት ፍሪጅ በብዙ ሳሎን ውስጥ አለ። እንዲህ ያለውን ዕቃ «አሮጌ ነው፣ ጣሉት» ማለት ቀላል አይደለም፤ የልጅ ላብ ነው። ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ ሲሞት ፍሪጁ አይወጣም፤ የልብስ ወይም የጤፍ ቁም ሣጥን ይሆናል። በዚህ አልስቅም፤ በደንብ የተሠራ፣ አይጥ የማያስገባ ሣጥን ነው። የሚያሳስበኝ ለቆራሌው የሚሸጠው ነው። ምናለሽ ተራ ሲደርስ መዳቡ ይፈለጋል፤ ቧንቧው ይቆረጣል፤ ጋዙ ይወጣል። የፍሬዮን ዘመን ፍሪጅ 150 ግራም ጋዝ ቢኖረው፣ ምድርን በማሞቅ በኩል ከአንድ ቶን ተኩል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይስተካከላል። ጥፋቱ የመዳብ ለቃሚው ወጣት አይደለም። ጋዙን በሲሊንደር የሚሰበስብ ባለሙያ ወደ እርሱ እንዲደርስ ያደረገ ሰው የለም።

መቼ መተካት እንዳለበት ለሚጠይቁኝ ዕድሜን ሳይሆን ቆጣሪን ጠይቁ እላለሁ። ቤት ውስጥ ሌላውን ሁሉ አጥፍታችሁ ለጥቂት ሰዓታት ፍሪጁ ብቻ ሲሠራ ቆጣሪው ምን ያህል እንደሄደ መዝግቡ፤ በቀን፣ በዓመት አባዙት። የበሩን ጎማ በወረቀት ፈትኑ፤ በሩ ተዘግቶ ወረቀቱ ያለ ትግል ተስቦ ከወጣ ጎማውን ብቻ መለወጥ ሊበቃ ይችላል። ሞተሩ ማረፍ ካቆመ ግን ጊዜው ደርሷል።

የመለወጫውን ቀን በሚመለከት ያየሁትን ልንገራችሁ። በእኛ ቤት አሮጌው ማቀዝቀዣ በበዓል ማግስት ሞተ። አዲሱን ያመጣል የተባለው የሻጭ መኪና በቀጠሮው ቀን አልመጣም፤ በማግስቱም አልመጣም። ቤት ውስጥ ያለው የቅርጫ ሥጋ፣ ወተት፣ ሁለት ዶሮ፣ ድልህ፣ አዋዜ፣ የሁለት ሊትር ዕቃ ንጥር ቅቤ፣ እንዲሁም የታላቅ እኅቴ ኢንሱሊን ነው። እኔ ስልክ ስደውል እናቴ መክተፊያ አወጣች። ሰማንያ ዓመት አልፏታል። «ልጄ፣ እርሱ እስኪመጣ ሥጋው አይጠብቅህም፤ ገመዱን አምጣ» አለችኝ። ሥጋው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ዘለዘለችው፤ ማታውኑ ቋንጣ ተሰቀለ። ዶሮዎቹ ለጎረቤት ሄዱ፤ እትዬ ከፊት ለፊታችን ያሉት ፍሪዘራቸው ቦታ ነበረው። ወተቱ እርጎ እንዲሆን ተቀመጠ። ንጥር ቅቤውን ነካ አላደረገችውም፤ ከመጀመሪያውም እዚያ መግባት አልነበረበትም ባይ ናት።

በዚያ ቀን የሠራነው ሁሉ በሳይንስ ይደገፋል። ሥጋ፣ ወተትና የበሰለ ምግብ ከ4 ዲግሪ በላይ ከሁለት ሰዓት የበለጠ መቆየት የለበትም። የተዘጋ ማቀዝቀዣ፣ በሩ ካልተከፈተ፣ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ የሞላ ፍሪዘር 48፣ ግማሹ የሞላ 24 ሰዓት ይቆያል። መለወጣችሁ አስቀድሞ ከታወቀ በሳምንቱ አዲስ ነገር አትግዙ፤ ያለውን እየበላችሁ አሳንሱ። የሃይላንድ ላስቲኮችን ጫፋቸው ሳይሞላ ውሃ አድርጋችሁ አስቀድማችሁ አግግሩ፤ በቀኑ ምግቡን በትልቅ ሳፋ ደርድራችሁ፣ የረጉትን ላስቲኮች ከላይና ከጎን አስገብታችሁ፣ ሳፋውን በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ብርድ ልብስ ሙቀት አይሠራም፤ ሙቀት እንዳያልፍ ይከለክላል፤ ከውጭም ሆነ ከውስጥ። ሰጋቱራውን በልባችሁ ያዙ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። አዲሱ ሲመጣ በጎኑ ተኝቶ ከተጓዘ፣ የኮምፕሬሰሩ ዘይት እስኪመለስ ቢያንስ በተኛበት ሰዓት ልክ ቆሞ ይደር፤ ከዚያ ባዶውን ይሥራ፤ ቴርሞሜትሩ 4 ዲግሪ ሳያሳይ ምግብ አይግባ። ይህ አንዳንዴ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። የቀለጠ ሥጋ በውስጡ ገና የበረዶ ቅንጣት ካለበት መልሶ ማገር ይቻላል፤ ከሌለበትና ሞቆ ከቆየ አይቻልም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ማር፣ ቋንጣ በመደርደሪያ ይቀመጡ።

ኢንሱሊኑ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በቤታችን ያስጨነቀንም እርሱ ብቻ ነበር። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፤ በረዶ ከነካው ደግሞ ተበላሽቷል፤ ቢቀልጥም አይመለስም። ስለዚህ ከረጋው ላስቲክ ጋር በቀጥታ ማስተኛት ከሙቀቱ እኩል አደገኛ ነው። በመጠቀም ላይ ያለው ብልቃጥ እንደ ዓይነቱ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ መድኀኒት ቤቱን ጠይቆ ማረጋገጥ ነው። እኅቴ ያልተከፈቱትን በፎጣ ጠቅልላ በአቅራቢያችን ወዳለ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው፤ በክትባት ማቀዝቀዣቸው ሳይሆን በመድኀኒቱ ክፍል አስቀመጡላት። የጀመረችውን ብልቃጥ ደግሞ እናቴ በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ትንሽ ገንቦ ውስጥ፣ ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ አሥራ፣ ነፋስ በሚያገኘው መስኮት ሥር አኖረችው። ማታ ማታ በከተማችን ብርድ ገንቦው ከክፍሉ ብዙ ቀዝቅዞ ይገኝ ነበር። መኪናው በሦስተኛው ቀን መጣ።

ጋዝ ስለ መሰብሰብ ከምሕንድስና ክፍል የመጡት ባልደረቦቼ ከእኔ የተሻለ ይመልሳሉና፣ ጥያቄ ያላችሁ ለእነርሱም አቅርቡ። ስለ ቅርጫው ግን ለእኔ ተዉልኝ።